ሞተርን የሚገድለው ሥራ አይደለም

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። በነገሌ ቦረና ግን የነገሩ ሥር ራሱ ውኃ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ነበር። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚያች የደቡብ ቆላ ከተማ የሰፈረው ጦር በአዛዦቹ ላይ አመፀ። ምግቡ የማይበላ፣ ኑሮው የማይገፋ ሆኖበት ኖሯል። ምሬቱን ከአፋፍ ያደረሰው ግን የውኃ ፓምፕ ነበር። የወታደሮቹ ፓምፕ ተበላሸ፤ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ብለው ቢጠይቁ ተከለከሉ፤ መኮንኖቻቸውን ይዘው አሰሩ። ነገሩን እንዲያበርዱ ከአዲስ አበባ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለም እዚያው ተይዘው ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ ተደረጉ። በየካቲት አመፁ ወደ ደብረ ዘይት አየር ኃይልና ወደ አሥመራው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተዛመተ፤ ሰኔ 21 ቀን ደርግ ተቋቋመ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

የአንድን ዘመን ፍጻሜ ባንድ ፓምፕ ላይ ማላከክ አልሻም። የወሎ ረኀብ፣ የመሬት ጥያቄ፣ የነዳጅ ዋጋ መናር፣ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ ሁሉም በየፊናቸው ነበሩ። ቢሆንም አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ስለ ጄኔራሉ፣ ስለ ወታደሩ ምሬት፣ ስላስከተለውም መዘዝ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ፓምፑ ግን የሚነገረን አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ «ተበላሸ»።

አማርኛችን ለእንዲህ ያለው ነገር የተመቸ ግሥ አለው። ሞተሩ ተቃጠለ፣ ቧንቧው ፈነዳ፣ መብራቱ ጠፋ እንላለን። ውኃም እግር ያለው ይመስል «ሄደች» ትባላለች፤ እንደ ኮበለለ ልጅ መምጫዋን እንጠብቃለን። አድራጊው ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሲሰወር ኃላፊነቱም አብሮት ይሰወራል። «ተበላሸ» ስንል ማን ሳያየው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ምክንያት የሚሉት ጥያቄዎች ሳይነሡ ይቀራሉ፤ ግሡ በሩን ዘግቶባቸዋልና። እኔ እንደማምነው ፓምፕ ባንድ ቀን አይበላሽም። ተመልካች ባጣ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይሞታል። ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ፣ ምናልባትም ዓይን የማይገባው፣ ያለ ልክ መነሣትና መተኛት ነው።

ውድ አንባቢ፣ ይህ የግጥምና የልብ ወለድ ገበታ ነውና ስለ ሞተር ማውራቴ እንግዳ ይሆንብህ ይሆናል። ጥቂት ታገሠኝ። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚሰጥም የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከቆመበት በሚነሣባት ቅጽበት፣ በመደበኛ ሩጫው ከሚወስደው ኃይል አምስትና ስድስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይስባል። ያ ሁሉ ኃይል በመዳብ ሽቦው ጥቅል ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ሞተሩ ተነሥቶ ረዘም ላለ ጊዜ ከሠራ በአጠገቡ የሚያልፈው ውኃ ያቀዘቅዘዋል፤ ጉዳትም የለውም። ወዲያው ጠፍቶ ወዲያው የሚነሣ ከሆነ ግን ሙቀቱ ሳይወጣ ሌላ ሙቀት ይጨመርበታል። በሽቦው ላይ የተቀባው መከላከያ ይሰነጠቃል፤ የማብሪያ ማጥፊያው ጥርሶች ይበላሉ፤ ቧንቧውም በእያንዳንዱ መነሣት በውኃው ግፊት ይመታል። ለዚህ ነው ትልልቅ ሞተሮች በቀንና በሌሊት ውስጥ ከመቶ ጊዜ በላይ እንዳይነሡ የሚመክሩ አምራቾች ያሉት። ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ የሚሠራ ሞተር ብዙ ዓመት ሲኖር፣ በየደቂቃው የሚቀሰቀሰው ቶሎ ይቀበራል። ሞተርን የሚገድለው ሥራ አይደለም፤ እንቅልፍ የማያስተኛ፣ ሥራም የማያሠራ መባነን ነው።

ይህ ሕመም የድሃ አገር ሕመም ብቻ አይደለም። በለንደንና በሌሎችም ብርዳማ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ቤታቸውን የሚያሞቁት ውኃን በጋዝ በሚያፈላ ቦይለር ነው። ለቤቱ ከሚገባው በላይ ጉልበት ያለው ቦይለር ከተተከለ ነበልባሉ ይለኮሳል፤ ውኃውን በሁለት ሦስት ደቂቃ ከታዘዘለት ሙቀት በላይ ያደርሰዋል፤ ይጠፋል፤ ውኃው ትንሽ ሲበርድ እንደገና ይለኮሳል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲነድና ሲጠፋ ጋዝ ይባክናል፤ መለኰሻውና ማራገቢያው ያረጃል። መድኃኒቱም ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ቦይለሩ ስንት ጊዜ እንደሚለኮስ መቁጠር፣ የነበልባሉን ጉልበት ዝቅ ማድረግ፣ የውኃውን ሙቀት መቀነስ፣ በመለኰሻውና በማጥፊያው ሙቀት መካከል ያለውን ርቀት ማስፋት ነው። ዝግ ብሎ ረጅም ጊዜ የሚነድ እሳት ቤቱን ያሞቃል፤ ወጪውንም ያቀላል። ኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት እናት ይህን ከመሐንዲሱ ሳትማር ታውቀዋለች፤ የመጨረሻዎቹን እንጀራዎች የምትጋግረው ምጣዱን አጥፍታ በቀረው ግለት ነው።

በነገሌና በመሰሎቿ የቆላ ከተሞች የጋዝ ቦይለር የሚፈልግ ብርድ የለም። እዚያ ሰው ዓይኑን ሊጥልበት የሚገባው መሣሪያ ውኃ የሚያወጣው ፓምፕ ነው። ሕጉ ግን አንድ ነው፤ በቁጥርም ሊታይ ይችላል። በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ውኃ የሚገፋ ፓምፕ አለ እንበል። የታንከሩ ወለል 5 ሜትር ካሬ ነው። ፓምፑን የሚያስነሣውና የሚያቆመው ተንሳፋፊ የተገጠመው በ5 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቢሆን፣ በመነሻውና በማቆሚያው መካከል የሚይዘው ውኃ ሩብ ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ከተማው በሰዓት 5 ሜትር ኩብ በሚጠቀምበት ጊዜ ታንከሩ በ3 ደቂቃ ይሞላል፤ በ3 ደቂቃ ይጎድላል። ፓምፑ በየ6 ደቂቃው ይነሣል፤ አጠቃቀሙ እንዲሁ ቢቀጥል በቀንና በሌሊት 240 ጊዜ ማለት ነው። ያው ተንሳፋፊ በ40 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቢታሰር በመካከሉ 2 ሜትር ኩብ ይገባል፤ መነሣቱም በየ48 ደቂቃው፣ በድምሩ 30 ጊዜ ይሆናል። አዲስ ፓምፕ አልተገዛም፤ አዲስ ጉድጓድ አልተቆፈረም። የረዘመው ገመድ ብቻ ነው። ያችን በመነሻና በማቆሚያ መካከል ያለች ርቀት እኔ «የትዕግሥት ቦታ» ብዬ እጠራታለሁ። ትዕግሥት የሌለው መሣሪያ ጥቂት በጎደለ ቁጥር ይደነግጣል፤ ጥቂት በሞላ ቁጥርም ይዘናጋል።

ከዚህ ላይ መብራት ይጨመራል። ገናሌ ዳዋ 3 የተባለው 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው በዚያው በደቡቡ ምድር፣ በገናሌ ወንዝ ላይ ነው። ነገር ግን ኃይል ማመንጨትና ኃይልን ሳያቆራርጡ ማድረስ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ መጥቶም ሲንቀጠቀጥ፣ ፓምፑም አብሮ ይነሣል ይወድቃል። ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ቢጎድል ሞተሩ በቀሪዎቹ ሁለቱ እየተጎተተ ይግላል። የጉድጓዱ ውኃ ከፓምፑ በታች ቢወርድ ደግሞ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነገር ይጠፋል፤ ባዶውን ሲዞር ይነዳል። ለሁሉም መከላከያ አለ። መብራት ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ የሚያስታግሥ መሣሪያ አለ፤ ፌዝ ሲጎድል የሚያጠፋ አለ፤ ውኃው ሲርቅ የሚያቆም አለ። ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ ሁሉም ርካሽ ናቸው። አደጋው ሞተሩ አልነሣ ሲል ባለሙያ ነኝ ባዩ እነዚህን «የሚያስቸግሩ» መከላከያዎች በሽቦ አልፎ በቀጥታ ሲያገናኘው ነው። ያን ቀን ውኃ ይመጣል፤ ሰውየውም ይመሰገናል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

ሞተር ሲቃጠል ምን እንደሚከተል የቆላ ሰው ያውቀዋል። የሰጠመውን ፓምፕ ከነቧንቧው ከብዙ ሜትር ጥልቀት ለማውጣት ክሬን ያለው መኪና ያስፈልጋል፤ መኪናው ከሩቅ ይመጣል፤ መለዋወጫው ከዚያም ይርቃል። አዲስ አበባ ከነገሌ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ያ ሁሉ እስኪደርስ ቦኖው ደርቆ ይሰነብታል። ቦቴ ይጠበቃል፤ ገንዘብ ያለው ከአህያ ጋሪ ይገዛል፤ የሌለው ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ይልካል። 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ የሚሸከመውም ብዙ ጊዜ የሴት ልጅ ጀርባ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በከሸፉበት ጊዜ ቦረና ከብቱን በመንጋ ቀብሯል። በእንዲህ ያለ ዘመን የሚሠራ አንድ ጉድጓድ ማለት የአንድ ቀበሌ ነፍስ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቦረና ራሱ ካልተናገርሁ ጽሑፌ ጎደሎ ይሆናል። መሣሪያን በልክ ማሠራት ለዚያ ምድር እንግዳ ትምህርት አይደለምና። ቦረና «ዘጠኙ ቱላ» የሚላቸው ጥንታዊ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉት፤ ዱብሉቅና ዳስ ከስመ ጥሮቹ መካከል ናቸው። ጥልቀታቸው 30 ሜትር የሚደርስ አለ። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ በየእርከኑ ተሰልፈው ባልዲውን እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ያወጣሉ፤ ከብቱ ከተማሰው መንገድ ወርዶ ከጭቃ ገንዳ ይጠጣል። እያንዳንዱ ጉድጓድ «አባ ሄሬጋ» የሚባል ሰው አለው። ሄሬጋ ቆጠራና ተራ ማለት ነው። የማን መንጋ በየትኛው ቀን፣ ከማን በኋላ እንደሚጠጣ የሚቆጥረው እርሱ ነው። በበጋ ከብት በየቀኑ አይጠጣም፤ በየሦስት ቀኑ መጠጣት የተለመደ ነው፤ የግመል ተራ ከዚያም ይርቃል። ዝናብ ሲጥል ቱላው ይዘጋል፤ ሰውም ከብትም ወደ ኩሬው ይሄዳል፤ ጉድጓዱና በዙሪያው ያለው ሣር ያርፋሉ። ተራውን ያፈረሰ በጉድጓዱ ሸንጎ ይጠየቃል፤ ከዚያ የከበደው ጉዳይ በየስምንት ዓመቱ እስከሚሰበሰበው እስከ ጉሚ ጋዮ ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ ይህን ከመሐንዲሱ መጽሐፍ አጠገብ አኑረህ ተመልከተው። ቆጠራ አለ፤ የማስነሻና የማቆሚያ ልክ አለ፤ በሁለቱ መካከል ሰፊ የትዕግሥት ቦታ አለ፤ የዕረፍት ወቅት አለ፤ ጥሰት ሲኖር የሚያይና የሚፈርድ አለ። በሥራው ላይ የሚዜመው ዜማ ሳይቀር ሥራ አለው። ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ምቱን የሚጠብቀው ዘፈኑ ነው፤ ምቱ ከፈጠነ ክንድ ይዝላል፤ ከዘገየ ገንዳው ይደርቃል። እኛ ዜማን የልብ ማስደሰቻ አድርገን ብቻ የምናይ ሰዎች፣ ዜማ የጉልበት ልጓም የሆነበትን ምድር ብናስተውል አንድ ነገር እንማር ነበር።

ሞተር ሲመጣ ከዚህ ሥርዓት የቀረው ምንድን ነው? ጉልበቱ በነዳጅና በመብራት ተተካ፤ መልካም ነው፤ ያንን የሚያህል ድካም የቀነሰን ነገር የሚያማርር ልብ የለኝም። የአባ ሄሬጋ ወንበር ግን በብዙ ቦታ ባዶውን ቀረ። ፓምፕ ተከልን፤ ቆጣሪውን አልሾምንም። ለምረቃው ሪባን ተቆርጦ፣ ንግግር ተደርጎ፣ ሐውልት የመሰለ ሰሌዳ ይተከላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደመወዙ ለሚዘገይ፣ ሥልጠናው ከሦስት ቀን ለማይበልጥ አንድ ኦፕሬተር ይተዋል። ሞተሩ ድምፁን ሲለውጥ ቀድሞ የሚሰማው እርሱ ነው። ሰማሁ ቢል ማን ያደምጠዋል?

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በእያንዳንዱ የሞተር ጉድጓድ ላይ አንድ ደብተር ይኑር። በየቀኑ አራት ነገር ይጻፍበት፦ ሞተሩ ስንት ጊዜ ተነሣ፣ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ስንት ሜትር ኩብ ውኃ ሰጠ፣ ሲቆምና ሲሠራ ውኃው ከስንት ሜትር ላይ ነው። የመነሣቱንና የሰዓቱን ቁጥር የሚይዝ ትንሽ መቁጠሪያ በርካሽ ይገጠማል፤ የውኃውን ርቀት በገመድም መለካት ይቻላል። ባንድ ወር ውስጥ ደብተሩ መናገር ይጀምራል። መነሣቱ እየበዛ ውኃው ካልጨመረ ተንሳፋፊው ተጠግቷል፣ ወይም የማይመለሰውን ውኃ መያዝ የሚገባው መዝጊያ አፍስሷል። ሰዓቱ ያው ሆኖ ውኃው ከቀነሰ ፓምፑ ተበልቷል ወይም ቧንቧው ተቀድዷል። የውኃው ርቀት ከወር ወር ከሰፋ ጉድጓዱ ከሚሰጠው በላይ እየተጠየቀ ነው፤ ያን ጊዜ ዝግ ብሎ ረጅም ሰዓት ማሠራት እንጂ ሌላ ትልቅ ሞተር መጫን መድኃኒት አይሆንም። ሐኪም የልብ ምት እንደሚያዳምጥ፣ ይህ ደብተር የጉድጓዱ ልብ ምት ነው።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የምለውም አለኝ። እኛ ጽሑፍ የምንለው ግጥሙን፣ ልብ ወለዱን፣ ታሪኩን ነው። በጠዋት ተነሥቶ «ዛሬ 31 ጊዜ ተነሣ» ብሎ የሚጽፍ የኦፕሬተር እጅ ግን ከብዙ መወድስ ይልቅ ለሰው ሕይወት የቀረበ ጽሑፍ ይጽፋል። የነገሥታት ዜና መዋዕል አለን፤ የጉድጓድ ዜና መዋዕል ግን የለንም። ዘመንን የሚያናጋው ነገር አንዳንድ ጊዜ ከሁለተኛው ገጽ ውስጥ ተጽፎ ሊገኝ እንደሚችል 1966 ዓ.ም. አሳይቶናል።

«ደብተሩ የዘመነ ነገር አይደለም፤ ዛሬ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ አለ» የሚሉኝ ይኖራሉ። አለ፤ በሰሜን ኬንያና በአፋር ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ ተሞክሯል፤ ፓምፕ ሲቆም ከሩቅ ያሉ ሰዎች በቶሎ እንዲያውቁ አድርጓል። እኔም ደጋፊው ነኝ። ሆኖም መሣሪያው ማስጠንቀቂያ ይልካል እንጂ ተነሥቶ አይሄድም። መልእክቱን ተቀብሎ መኪና የሚያስነሣ፣ መለዋወጫ የሚያወጣ፣ ወጪውን የሚፈርም ሰው ከሌለ፣ ሳተላይቱ ከሰማይ ሆኖ ሞታችንን በትክክል ይቆጥርልናል። አባ ሄሬጋ የሚከበረው መቁጠር ስለሚችል ብቻ አይደለም፤ ቆጥሮ ሲያበቃ «ቁም» የማለት ሥልጣን ስላለው ነው።

ሌሎች ደግሞ «የውኃ ጥም ያለበት አገር ስለ ተንሳፋፊ ገመድ አያወራም፤ አዲስ ጉድጓድ ይቆፍር» ይላሉ። የጥሙ መጠን እውነት ነው፤ አዲስ ጉድጓድም ያስፈልጋል። ነገር ግን አንዱን ፓምፕ መጠበቅ ያልቻለ እጅ አሥር ቢሰጡት የሚጨምረው የተቃጠለ ሞተር ቁጥር ነው። አዲሱ ጉድጓድ የመጀመሪያውን ልማድ ይወርሳልና። መጠበቅ ከመትከል ያነሰ ሥራ ተደርጎ የሚታይበት አስተሳሰብ እስካልተለወጠ ድረስ የምረቃ በዓላችን ይበዛል፤ ቦኖዎቻችን ግን ደረቅ ይሆናሉ።

ስለዚህ በሚቀጥለው የውኃ ምረቃ ላይ የተገኘህ አንባቢ ሆይ፣ ጭብጨባው ሲያበቃ ሦስት ጥያቄ ጠይቅ። ይህ ሞተር በቀን ስንት ጊዜ እንዲነሣ ነው የታሰበው? የሚቆጥረው ማን ነው? ቆጥሮ «ችግር አለ» ሲል የሚሰማው ባለሥልጣን ስሙ ማን ይባላል? ለሦስቱም መልስ ካገኘህ ያ ጉድጓድ ዕድሜ ይኖረዋል። መልስ ካጣህ ግን አንድ ቀን ስለ እርሱም «ተበላሸ» ተብሎ እንደሚነገርህ ከወዲሁ ዕወቀው፤ ያን ጊዜም አድራጊው የተሰወረበትን ግሥ ዝም ብለህ አትቀበል።